የበቀል ፊልም ለምትጽፉ ልጆች፦ መጀመሪያ የበቀለኛውን ቀን መቁጠሪያ

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

የበቀል ፊልም ስትጽፉ ሁላችሁም የምትፈሩት «ይሄ እንዴት ይሆናል?» የሚለውን ተመልካች ነው። ፖሊስ የት ነበር? አድራሻውን ማን ሰጠው? ለምን ስልክ አልደወለም? እነዚህ ቀዳዳዎች መደፈን አለባቸው። ግን ሰውየው የሚፈልገው ነገር ግልጽ ከሆነ ተመልካች ከ«እንዴት»ዎቹ ግማሹን ዝም ብሎ ያልፍላችኋል። ፍላጎቱ ከተምታታበት ደግሞ በሩ ለምን እንዳልተቆለፈ ሳይቀር ያነሳባችኋል።

የኮሪያውን ዳይሬክተር የፓርክ ቻን-ዉክን «ኦልድቦይ» (2003 እ.ኤ.አ.) እንፍታው። መጨረሻውን ሳልገልጥ ማስረዳት አልችልምና ያላያችሁት አይታችሁ ተመለሱ። ኦ ዴ-ሱ የሚባል ሰካራም ነጋዴ በ1988 በልጁ አራተኛ የልደት ቀን ታፍኖ 15 ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋበታል። ከዚያ ያለ አንዳች ማብራሪያ ይለቀቃል። ያሳሰረው ሊ ዉ-ጂን «ለምን እንዳሰርኩህ ድረስበት» ብሎ 5 ቀን ይሰጠዋል።

ምክንያቱ በተማሪነታቸው ዘመን ዴ-ሱ ስለ ዉ-ጂን እህት ያወራው ወሬ ነው። ብዙ ሰው «ለአንድ ወሬ 15 ዓመት?» ብሎ እዚህ ላይ ይቆማል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንዲሉ፣ ዴ-ሱ ያወራውን ጭራሽ አያስታውሰውም፤ ይህ የነገሩን ግማሽ ያስረዳል። ቀሪው ግማሽ ያለው ዉ-ጂን ላይ ነው። እህቱ ከግድቡ ላይ ስትወድቅ እጇን ይዞ የነበረው፣ በመጨረሻም የለቀቃት እሱ ነው። ሌላ ጥፋተኛ ካላገኘ ጥፋተኛው ራሱ ሊሆን ነው። በቀሉ ከበደሉ የገዘፈው ለዚህ ነው። እናንተም በቀሉ ከበደሉ ሲበልጥባችሁ አንድ ተጨማሪ ሬሳ እየጨመራችሁ በደሉን አታሳብጡ። በቀለኛው ከራሱ የሚሸሸው ምን እንደሆነ ፈልጉ።

ቁጥሩን ደግሞ አስሉት። ለምን 15? 10 ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ገና 14 ዓመቷ ነው። የዉ-ጂን ዕቅድ አባትና ልጅ ሳይተዋወቁ እንደ ፍቅረኛ እንዲዋደዱ ማድረግ ስለሆነ እስክታድግ መጠበቅ ግድ ይለዋል። ፊልሙም ትልቁን ቀዳዳ አልሸፈነውም፤ «ለምን አሰረኝ ብለህ አትጠይቅ፣ ለምን ለቀቀኝ በል» የሚለውን ነገር በራሱ በዉ-ጂን አፍ አስነገረው። መድፈን ያቃታችሁን ቀዳዳ ገጸ ባሕርይው ራሱ እንዲጠይቀው አድርጉ። ይህን በአንድ ፊልም ከአንድ ጊዜ በላይ አትሞክሩት፤ መልሱም በእጃችሁ ይኑር።

«ከወጣ በኋላ ልጁን ለምን አልፈለጋትም?» የሚለውስ? ይቺ ፊልሙን በቁሙ ልታፈርሰው ትችል ነበር። የተደፈነችው በአንድ አጭር ትዕይንት ነው፦ ልጅቷ በጉዲፈቻ ለስዊድን ቤተሰብ ተሰጥታለች ይባላል፣ በቃ። ሐሰት መሆኑን የምናውቀው በኋላ ነው። ሐሰቱ ለዉ-ጂን የሚመች ስለሆነ መድፈኛው ከሴራው ጋር ተሰፍቷል፤ ስፌቱም አይታይም።

የፖሊሱ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ክፍት ነው። ዴ-ሱ ታስሮ ሳለ ሚስቱ ተገድላ እሱ ተጠርጥሯል፤ ሲለቀቅ ግን ሴኡል ውስጥ እንደልቡ ይዘዋወራል። በዚያን ዘመን በኮሪያ የነፍስ ግድያ ክስ ይርጋ 15 ዓመት ነበር (በ2007 ወደ 25 ከፍ አለ፣ በ2015 ቀረ)። ግድያው የተፈጸመው ከታፈነ በኋላ ነውና ሲለቀቅ ይርጋው ገና አልሞላም። ተመልካች የማይጠይቀው የ5 ቀኑ ቀጠሮ ስለሚያጣድፈው ነው። ለእኔ ከዚህ የባሰው ሂፕኖሲሱ (ሰውን አፍዝዞ ሐሳቡን መምራት) ነው። ከመለቀቁ በፊት አንዲት ሴት ክፍሉ ገብታ ስታፈዘው በማሳየት ዘሩን ቀድመው ዘርተዋል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን ሂፕኖሲስ ሁሉን ማድረግ ከቻለ የትኛውም ግጥምጥሞሽ ይፈቀዳል ማለት ነው፤ ያኔ ውጥረቱ ይላላል።

ወደ እናንተ ጽሑፍ ስንመጣ፣ ትዕይንት አንድን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወረቀት ውሰዱና የበቀለኛውን ሕይወት ከበደሉ ቀን ጀምራችሁ በቀን በቀን አስፍሩ። በየመስመሩ ምን አደረገ፣ ገንዘቡን ከየት አመጣ፣ ማን አየው የሚለውን ሙሉ። ባዶ የቀረ መስመር ሁሉ ነገ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ አንድ ዓምድ ከፍታችሁ በየትዕይንቱ ምን እንደሚያውቅ ጻፉ። ብዙው ስህተት የሚገኘው እዚህ ነው፤ በ40ኛው ትዕይንት የሚሰማውን ምስጢር በ32ኛው እንደሚያውቅ ሆኖ የሚናገር ሰው አይጠፋም።

የመጨረሻዎቹን 20 ገጾች የሚያድን ነገር ካለ በመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች ውስጥ በሌላ ሰበብ ብልጭ ይበል። ሽጉጥ ደግኖ ሁለት ገጽ ሙሉ ዕቅዱን የሚተርክ ክፉ ሰው ካላችሁ፣ ያ ንግግር ቀድሞ ያልተዘራው ሁሉ የተጠራቀመበት ነው። ቆራርጡና ወደ ኋላ በትኑት።

ድራፍቱን ለሁለት ሰው ስታስነብቡ «ወደዳችሁት?» አትበሉ። «ገጽ 40 ላይ ሰውየው የሚፈልገው ምንድን ነው?» በሉ። ሁለት የተለያየ መልስ ከሰጧችሁ መጨረሻውን ሳትነኩ ወደ ገጽ 40 ተመለሱ።