ከስር ያለው ሳይደርቅ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የሥዕል ተማሪ "ጋሼ፣ ለአብስትራክት ኦይል ይሻላል አክሪሊክ?" ብላ ጠየቀችኝ። ኦይል የዘይት ቀለም ነው፣ አክሪሊክ በውሃ የሚቀጥን። ቀላል ጥያቄ ነው፣ ግን ቶሎ አልመለስኩላትም፣ አንድ የድሮ ጥቁር ሥዕሌ ትዝ ብሎኝ።

ወጣት ነበርኩ፣ ኤግዚቢሽን ሊከፈት 10 ቀን ቀርቶታል። ሸራ ውድ ስለነበር አቡጀዲ ወጥሬ፣ ኮላ ቀብቼ፣ በላዩ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም አድርጌ ነው የምሠራው። ከዛ ጥቁር ኦይል በተልባ ዘይት አላልቼ በስፓትላ እንደ ጭቃ ለጠፍኩበት። ጥቁር ደግሞ መድረቅ ላይ በጣም ያስቸግራል፣ ኦይል ተኖ አይደለም የሚደርቀው፣ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው የሚጠነክረው፣ ላዩ ቆዳ ሲሠራ ውስጡ ለወራት ለስላሳ ነው። ይሄን አውቅ ነበር፣ አስተምረውኛል። ግን በ3ኛው ቀን በጣቴ ስነካው አልያዘኝም፣ በቃ ደርቋል አልኩና የበር ነጭ ሲንተቲክ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ አፈሰስኩበት። ነጩ ጥቁሩ ላይ እየወረደ ሲያምር! እንደዛ ያለ መስመር ከዛ በኋላ ወጥቶልኝ አያውቅም።

አንዲት ነርስ ከደሞዟ በ2 ጊዜ ከፍላ ገዛችው። ከ2 ዓመት በኋላ ፖስታ ይዛ ቤቴ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ስትገለብጠው የነጩ ቀለም ቅርፊት ነው፣ ጫፍና ጫፉ የተጠቀለለ፣ አንዳንዱ ከጀርባው ጥቁሩን ይዞ የወጣ። ጠዋት ጠዋት ከወለሉ እየለቀመች ያጠራቀመችው ነው፣ መልሼ የምለጥፈው መስሏት። እኔ ምን አልኳት? "ግድግዳሽ እርጥበት አለው።" እሷም "ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቅኩም ነበር" ብላ ሄደች። ሥዕሉ መላጡ አይደለም የሚቆጨኝ፣ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ መሆኗ ነው። ስፈልጋት ሰፈሩን ለቃለች።

የዛሬ ልጆች ቀለሙ ሳይደርቅ ፎቶ አንስታችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ይሄ ያሳስበኛል። "ማቴሪያል የለም" ማለትም አብዝታችኋል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ይሠራ ነበር፣ ልጡን ግን እንደ ሸራ አላየውም፣ ሻካራነቱን ራሱን ሥዕል አደረገው። መወደዱን እኔም አልክድም፣ የበር ቀለም የገዛሁት ለዛ ነበር። ታገሱ እላችኋለሁ፣ ያ ነጭ መስመር ግን ታግሼ ቢሆን አይመጣም ነበር።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ ልጄ። ከቸኮልሽ አክሪሊክ ያዢ፣ ቶሎ ይደርቃል። በአክሪሊክ ላይ ኦይል ይሄዳል፣ በኦይል ላይ አክሪሊክ ግን ይላጣል። በኦይል ከሠራሽ ቀጭኑ ከስር፣ ዘይት የበዛበት ከላይ። እና ምን ቀለም መቼ እንደቀባሽ ከሸራው ጀርባ ጻፊ፣ እኔ ከዛች ነርስ ወዲህ ሳልጽፍ ያወጣሁት ሥዕል የለም። ፖስታ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ሥዕሉን ገልብጣችሁ አብራችሁ አንብቡት።