ጥያቄና መልስ፦ ጨቅላን በእናት ገላ ስለማሞቅ

በባሕር ዳር በጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ ከወላጆች ለቀረቡላት ጥያቄዎች የሰጠቻቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደ ባሕር ዳር ባለ ሞቃት ከተማ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንዴት ይበርደዋል?

መልስ፦ ሕፃን እርጥብ ሆኖ ስለሚወለድ፣ በገላው ላይ ያለው ፈሳሽ ሲተንን የሰውነቱን ሙቀት ይወስድበታል፤ እኛን የሚወብቀን ክፍል ለእርሱ ቀዝቃዛ ነው። ጤናማ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከዚያ ከወረደ ለመጥባት አቅም ያጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ እዚህም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እንደተወለደ ማድረቅና ወዲያው እናቱ ደረት ላይ ማስተኛት፣ ገላውን ማጠብንም ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማዘግየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ያለ ጊዜዋ 1,700 ግራም ሆና ተወለደች። ሙቀት ክፍል ብትቆይ አይሻልም?

መልስ፦ ብዙ እናቶች ገላቸው ከማሽን የሚያንስ ስለሚመስላቸው ይህን ጥያቄ በዝርዝር መመለስ እፈልጋለሁ። ሕፃንን በእናት ገላ የማሞቅ እንክብካቤ በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ሲጀመር ምክንያቱ የማሞቂያ ማሽን እጥረት ነበር፤ ዛሬ ግን የማሽን ምትክ ብቻ እንዳልሆነ ታውቋል። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተካሂዶ በ2021 ይፋ በሆነ ጥናት፣ እንደ ልጅዎ ከ1,800 ግራም በታች ሆነው የተወለዱ ሕፃናት የጤናቸው ሁኔታ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከእናታቸው ገላ ጋር ሲያያዙ፣ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚደርሰው ሞት በ25 በመቶ ቀንሷል። እነዚያ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር በአንድ የሕክምና ክፍል ነበሩ፤ ሕክምናው አልተቋረጠም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ መክሯል። በራሱ መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ግን ቅድሚያ የሚያገኘው ሌላ ሕክምና ነው።

አያያዙም እንዲህ ነው፦ ልጅዎ ከዳይፐር፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር ራቁቷን ሆና በጡቶችዎ መካከል ቀጥ ትበል፤ ፊቷ ወደ ጎን ዞር፣ አገጯ ጥቂት ቀና ብሎ አፍንጫዋ ክፍት ይሁን። እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ይከፈቱ። ከዚያ በነጠላ ጠበቅ አድርገው ይሰሯት፤ በላዩ ጋቢ ይደርቡ። ሲተኙ ትራስ ደገፍ ብለው ይሁን።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በቀዶ ሕክምና ስለወለደች እኔ ልይዘው እችላለሁ?

መልስ፦ በሚገባ። አያትም ትችላለች። አባት ሸሚዙን ከፍቶ ልጁን ሲያቅፍ ማየት እጅግ ደስ ያሰኘኛል። እናትየው ስትነቃና አቅም ስታገኝ ግን የጡት ወተቱም እንዲመጣ ሕፃኑ ወደ እርሷ ይመለስ።

ጥያቄ፦ አራስ ቤት ከሰል ብናነድስ?

መልስ፦ አይሆንም። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ እናትንም ልጅንም ይገድላል።

ጥያቄ፦ ዘጌ ነን፤ ሕፃኑ ቢታመም በጀልባ እንዴት እናምጣው?

መልስ፦ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስላለ ለብቻው ጠቅልላችሁ አትያዙት፤ በእናቱ ገላ ላይ ታስሮ፣ ጭንቅላቱ ተሸፍኖ ይምጣ፤ በመንገድም እየጠባ። እግሩና ሆዱ ሁለቱም ከቀዘቀዙ፣ መጥባት ካቆመ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ በዚያው ሌሊት አድርሱት።