ለልውውጥ የምትሄዱ ልጆች፣ የኋላ ወንበር ይቅርባችሁ

ከመካከላችሁ አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር፣ ቢዝነስ ስኩል ልትማሩ የተሰናዳችሁ አላችሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ የልውውጥ ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬ ያለቀው በፋይናንስ ሥራ ነው። ስለ ቪዛና ስለ ሻንጣ ሌላ ሰው ይምከራችሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ዝምታ ነው።

የስትራቴጂ ኮርስ ሲጀመር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማስታወሻ እይዛለሁ፣ አነባለሁ፣ ለፈተና እዘጋጃለሁ። ጎበዝ ተማሪ ማለት ይኸው ነው ብዬ አምን ነበር። ሴሚስተሩን ሙሉ ቃል ሳልተነፍስ ጨረስኩት። ፈተናውን ጥሩ ሠራሁ። ውጤት ሲወጣ ግን ክው አልኩ። ኮርስ አውትላይኑ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጽፏል፦ ከጠቅላላው ነጥብ 40 በመቶው የክፍል ተሳትፎ ነው። አንብቤዋለሁ፤ ግን ተሳትፎ ማለት ክፍል መገኘት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልቀረሁም እኮ!

ብዙ ቢዝነስ ስኩሎች የሚያስተምሩት በኬዝ ነው። ዘዴውን ያስፋፋው ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ነው፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ1920ዎቹ ኬዝን ዋና ማስተማሪያው አደረገ። ኬዝ የአንድ ድርጅት ታሪክ ነው። አሥር ሃያ ገጽ ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ ሰንጠረዥ ይደረደራል። ሥራ አስኪያጁ አጣብቂኝ ውስጥ ገብቷል። ፋብሪካውን ይዝጋ ወይስ ይበደር? መልሱ የትም አልተጻፈም። መምህሩ ይገባና እጅ ሳይወጣ አንዱን ይጠራል፦ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ኮልድ ኮል ይሉታል። ስሜ እንዳይጠራ አንገቴን ደፍቼ የጻፍኩትን ማስታወሻ ብዛት አትጠይቁኝ።

ቆይቶ የገባኝን ልንገራችሁ። ማታ ኬዙን ስታነቡ አቋማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከሰንጠረዡ ሁለት ቁጥር ምረጡና አጠገቡ አስቀምጡ። ክፍል ስትገቡ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ተናገሩ። ያኔ ቀላሉ ነገር ገና አልተባለም፤ «የገንዘብ ፍሰታቸው ሁለት ዓመት ተከታታይ ቀንሷል» ማለት ብቻ ይበቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክርክሩ ይረቃል፣ የቋንቋው ጌቶች ይቀባበሉታል፣ መግቢያ ቀዳዳ ታጣላችሁ። ሦስት ሳምንት ዝም ካላችሁ ደግሞ ክፍሉ ዝምተኛ አድርጎ ይለምዳችኋል፤ ከዚያ በኋላ አፍ መክፈት እጥፍ ይከብዳል። ሰዋስው ተሳስቼ ሼም ይይዘኛል የምትሉ፣ መምህሩ ነጥብ የሚይዘው ለሐሳቡ ነው።

የቡድን ሥራ ላይ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሠራሁ። አምስት ነበርን። የማርኬቲንግ አሳይመንት ነው። አንዷ ልጅ የጻፈችው የዋጋ ክፍል ደካማ መሰለኝና ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ እንደገና ጻፍኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። በማግስቱ ስናቀርብ መምህሩ ስለ ዋጋው ጠየቃት። ልጅቷ ስክሪኑን አየችው። የራሷን ሥራ አላወቀችውም። ከዚያች ቀን በኋላ ቡድኑ ውስጥ የሚያናግረኝ ጠፋ፤ እውነታቸውን ነው። ውጤታችን መጥፎ አልነበረም፣ ግን ምን ያደርጋል። ሥራ ዓለም ስገባም ይህ ጠባይ ቶሎ አልለቀቀኝም። አለቃ ሆኜ እንኳ የሰው ሪፖርት በሌሊት ስቀይር ራሴን ይዣለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ስትገናኙ ሁለት ነገር በግልጽ ተነጋገሩ። የመጨረሻውን ጽሑፍ የሚያስተካክለው ማን ነው? ሥራው በመካከላችሁ የሚያልቀውስ ከማስረከቢያው ቀን ስንት ቀን ቀድሞ ነው? ሌላም አለ። አንዳንዱ የልውውጥ ተማሪ አገሩ ሲመለስ የሚያዝለት «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ነው። የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ግን እያንዳንዷ ነጥብ ትቆጠርባቸዋለች። «እነዚህ ፈታ ሊሉ ነው የመጡት» ብለው ይጠብቋችኋል። እናንተ የመጣችሁት ለሥራ ከሆነ በአፋችሁ ንገሯቸው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ድርሻ በሰዓቱ አስረክቡ።

ኢራስመስ የሚባለው የአውሮፓ የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም በ1987 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተጓዙት ተማሪዎች 3,244 ነበሩ። ዛሬ በየግቢው የልውውጥ ተማሪ ሞልቷል፤ ብዛቱ ራሱ ወጥመድ ሆኗል። እርስ በርስ ተያይዛችሁ ስትዞሩ ሴሚስተሩ ያልቃል። ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ቢያንስ አንድ ቡድን ውስጥ ብቸኛዋ ወይም ብቸኛው እንግዳ ሁኑ።

የክፍል ሰዓት ማነሱም አያታልላችሁ። በአውሮፓ የክሬዲት አሠራር አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይቆጠራል። አባዙት። ነጥብ አሰጣጡም እንደየአገሩ ነው። ፈረንሳይ ከ20 ነው የሚታረመው፤ 14 ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ እንጂ አታልቅሱ። ጀርመን ደግሞ 1 ከሁሉ የላቀ ነው፣ 5 መውደቅ ነው። የኮርሱ ይዘትም እንደዚሁ ነው። አሜሪካ አካውንቲንግ የወሰደ ልጅ የዕቃ ክምችት በላይፎ፣ ማለትም መጨረሻ የተገዛው ዕቃ መጀመሪያ እንደተሸጠ ተቆጥሮ፣ ሲሰላ ተምሮ ይመጣል፤ አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ የሚሠራ አገር ግን ላይፎ ክልክል ነው።

እዚህ ላይ ወረቀት ይመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት የምትወስዷቸው ኮርሶች ተዘርዝረው የሁለቱም ትምህርት ቤቶች ፊርማ ይኑርበት። እዚያ ስትደርሱ አንዱ ኮርስ ተሰርዞ፣ ሌላው ሰዓቱ ተጋጭቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስትቀይሩ አስተባባሪው በስልክ «ችግር የለም» ቢላችሁ አትርኩ፤ በኢሜይል ይጻፍላችሁ። የየኮርሱን አውትላይንም ሙሉውን አስቀምጡ። እኔ ጥዬው መጣሁ። አንዱን ኮርስ ለማስቆጠር ምን እንደተማርኩ አስረዳ ስባል በእጄ የቀረኝ የማስታወሻ ደብተር ብቻ ነበር። ይዤው ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የእጅ ጽሑፍህ ጥሩ ነው» አለኝና መለሰልኝ።