እናቴ በሕይወት እያለች የኦክስጅን ማሽኗን ለጎረቤት ስጡልኝ አለች

ጥያቄ

«ዕድሜዬ 36 ነው። አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። እማዬ 70 ዓመቷ ነው። ሳንባዋ ከተጎዳ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ሲኦፒዲ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ነው ብለውናል፤ ዕድሜዋን ሙሉ የታጠነችው የኩሽና ጭስ ነው ያመጣባት። አሁን ከአልጋ አትነሳም። ባለፈው ወር ከሆስፒታል ስትወጣ «ከእንግዲህ ቤቷ ሆና ብትታመም ይሻላል» ብለው ላኩን። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት የላከችው የኦክስጅን ማሽን ቀንም ሌትም ይሠራል።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ (ስማቸውን ልተወው) ከእማዬ ጋር በአንድ ኩሽና እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ ናቸው። የእሳቸውም ሳንባ እንደ እማዬ ሆኗል። ሲብስባቸው ልጃቸው ሲሊንደር ተከራይቶ ያመጣል። አንድ ቀን እማዬ እጄን ይዛ «እኔ ስሄድ ይቺን ማሽን ለሷ ስጡልኝ» አለችኝ። «አታሟርቺ!» ብያት ከክፍሉ ወጣሁ። ነገሩን የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ስጽፈው እህቴ «ገና ሳትሞት እቃዋን ልትከፋፈሉ ነው?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም፤ እማዬን ስትፈልግ በወንድሜ በኩል ነው። ወንድሜ ደግሞ የሕክምና ዕዳ ስላለብን በኋላ ማሽኑ ይሸጥ ይላል። እትዬ ሊጠይቁን ሲመጡ ዓይናቸው ማሽኑ ላይ ያርፋል። ያኔ ደሜ ይፈላል። የሚወዱን ሴትዮ ናቸው፤ እኔ ግን መምጣታቸውን ጠልቻለሁ። ክፉ ሆኜ ነው? ምን ላድርግ?»

መልስ

እህቴ፣ ደክሞሻል እንጂ ክፉ አልሆንሽም።

በመጀመሪያ ስለ እትዬ ዓይን እናውራ። እናትሽ እንደማይድኑ ታውቂያለሽ፤ ግን ቤታችሁ ውስጥ ይህን በአፉ ያለ የለም። ሐኪሞቹም በዘወርዋራ ነው የነገሯችሁ። እትዬ ማሽኑን ሲያዩ፣ ሁላችሁም የደበቃችሁት ነገር ጮክ ተብሎ የተነገረ ይመስልሻል። «መቼ ነው?» ብለው የጠየቁሽ ያህል ነው። እሳቸው ግን ምን እያዩ ይሆን? የታጠኑት ያንኑ ጭስ ነው። የያዛቸውም ያው በሽታ ነው። እናትሽ የተኙበት አልጋ ላይ የራሳቸውን ነገ ያያሉ። አዎ፣ አየር ያጠረው ሰው ኦክስጅን ያምረዋል፤ ይህ ነውር የለውም። ግን የልጅነት ያህል የቆየ ወዳጃቸውን ፊት ለፊት ማየት ከብዷቸውም ይሆናል። በሽተኛ ሊጠይቅ የገባ ሰው የታማሚው ፊት ላይ አፍጥጦ አይቀመጥም፤ ዓይኑን የሆነ ቦታ ማሳረፍ አለበት። እናንተ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚንቀሳቀስ፣ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ማሽኑ ብቻ ነው።

አንቺ ላይ የደረሰው ነገር በሙያችን የታወቀ ነው። ሐዘን ሰው እስኪቀበር አይጠብቅም። አስታማሚ ገና እያስታመመ ያዝናል። ለማንም መናገር ስለማይችል ሐዘኑ በንዴት ይወጣል። ንዴቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቅርብ የተገኘ ሰው ላይ ነው። እትዬ ቅርብ ተገኙ፤ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ደብዳቤሽን ሳነበው ማሽኑ የእህትሽ ነው? የወንድምሽ? የእትዬ? የሚል ክርክር አለበት። እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ እናትሽ ጀምረው ያልጨረሱት ወሬ አለ።

«አታሟርቺ» ያልሽው ከፍቅር ነው። እኛ አገር ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዘን «እንዳትነግራት» እንላለን። መርዶ ስንናገር እንኳ ዘመድ ሰብስበን፣ ገና ሳይነጋ ነው። ይህ ልማድ ብዙ ሰው ከድንገተኛ ድንጋጤ አትርፏል፤ አልነቅፈውም። ግን እናትሽ ጋ የሚደበቅ ነገር የለም። ነገሩን ያነሱት ራሳቸው ናቸው። «እኔ ስሄድ» ያሉት እሳቸው ናቸው። እጅሽን ይዘው ማለታቸውን ልብ በይ። ሰው ሲያሟርት እጅ አይዝም።

ለመሞት የተቃረቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሕመሙ እኩል የሚያንገበግባቸው «ሸክም ሆንኩባቸው» የሚለው ሐሳብ ነው። ያጥቧቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል፣ ያገላብጧቸዋል፤ ከእነሱ ወደ ሌላው የሚሄድ ነገር የለም። ሃርቪ ቾቺኖቭ የሚባሉ ካናዳዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በዚህ ላይ ብዙ ሠርተዋል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ባዘጋጁት ሕክምና ታማሚው ለቤተሰቡ ምን መናገርና ምን ማስተላለፍ እንደሚፈልግ ይጠየቃል፤ ቃሉ ይጻፋል፤ ጽሑፉም ለሚወዳቸው ይቀመጣል። አንቺ ቤት ይህን ለማድረግ ባለሙያ አያስፈልግሽም። እናትሽ ሳይጠየቁ ጀምረውታል።

ስለዚህ እናትሽ ትንፋሻቸው ቀለል ያለበትን ሰዓት ምረጪ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጪና «እማዬ፣ ያን ቀን ስለ ማሽኑ ልትነግሪኝ ስትይ አቋረጥኩሽ። እስኪ ጨርሺልኝ» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሦስት ቃል ተናግሮ ያርፋል፤ አረፍተ ነገራቸውን አንቺ አትጨርሺላቸው። ብታለቅሺ ችግር የለም። ምናልባት ስለ ማሽኑ አንዴ ብለው ወደ ሌላ ነገር ይሄዱ ይሆናል፤ የት እንደሚቀበሩ፣ ያበደሩት ገንዘብ፣ ከማን ጋር እንድትታረቁ እንደሚፈልጉ። የመጡበትን ስሚያቸው። ቃላቸውን በስልክሽ መቅዳት ከፈለግሽ አስፈቅጃቸው።

ቃላቸውን ከሰማሽ በኋላ ተራው የእህትሽ ነው። እህትሽ የተቆጣችው ለዕቃው አይመስለኝም። እናትሽን ስታናግር ከጀርባ የማሽኑ ጉርምርምታ ይሰማታል አይደል? እሷ እዚያ ክፍል ውስጥ ያላት ድርሻ ያ ድምፅ ነው። አንቺ ታጥቢያቸዋለሽ፤ እሷ በትርፍ ሰዓት ሠርታ በላከችው ማሽን ታስተነፍሳቸዋለች። ስለዚህ «ማሽኑ ለጎረቤት ይሰጥ» የሚለውን ግሩፕ ላይ ስታነበው «ያንቺ ነገር ከዚህ ቤት ይውጣ» እንደተባለች ነው የሰማችው። ይህን የመሰለ ወሬ ግሩፕ ላይ አይጻፍም፤ ግሩፑ ለበዓል ምኞትና ለልጆች ፎቶ ይሁን።

ለብቻዋ ደውዪላት። በማሽኑ አትጀምሪ። መጀመሪያ እውነተኛውን ንገሪያት፤ የላከችው ነገር ሥራውን ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በሲኦፒዲ ኦክስጅናቸው በጣም ዝቅ ያለባቸው ሰዎች በቀን 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ሲያገኙ ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳይተዋል። ይህን ስታውቅ ሁለቱ ዓመት ከየት እንደመጣ ይገባታል። ከዚያ ስልኩን ለእናትሽ ስጪና ክፍሉን ለቀሽ ውጪ። የእናቷን ፈቃድ ከአንቺ አፍ ስትሰማው ክርክር ነው፤ ከእናቷ ስትሰማው ግን አደራ ነው።

ወንድምሽን ስግብግብ አትበይው። ዕዳ ዕዳ ነው፤ አበዳሪ ማሽኑ ለማን እንደተሰጠ አይጠይቅም። ሦስታችሁ ዕዳውን ለብቻው ቁጭ ብላችሁ ተካፈሉት። የእናታችሁ ቃል ከዕዳ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ከተጻፈ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማልደራደርበት ነገር አለ። እናትሽ በማሽኑ እስከተነፈሱ ድረስ ማንም አይነካውም። «አሁኑኑ ስጧት፣ እኔ በቃኝ» ቢሉ እንኳ። እንዲህ የሚሉ ታማሚዎች አሉ፤ አንዳንዴ ደክሟቸው ነው፣ አንዳንዴ ቤተሰቡን ማሳረፍ ፈልገው ነው። ይህን ያሉ ቀን ሐኪማቸውን ጥሪ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያስታምም ድርጅት ነው፤ ማነጋገር ይጠቅምሻል።

ቤታችሁ ውስጥ አሁን ሥራ ያቆመ ዕቃ ግን ይኖራል። እናትሽ ከአልጋ ካልተነሱ ዊልቸራቸው፣ ካላቸው፣ በር ኋላ ታጥፎ ቆሞ ይሆናል። ወይም የሚደገፉበት መራመጃ። የእኔ ሐሳብ በእሱ ጀምሩ ነው። እትዬን ቡና ጥሪያቸውና እናትሽ በራሳቸው እጅ ይስጧቸው። ሲኦፒዲ የጠናበት ሰው ከበር እስከ ታክሲ መራመድ ሊያቅተው ይችላል፤ ሆስፒታል ሲሄዱ ይጠቅማቸዋል። ሰጪው እናትሽ ሲሆኑ የቤቱ አየር ይለወጣል። የሚታዘንላቸው ሴትዮ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤት ይሆናሉ። ለእትዬ የማያስፈልግ ከሆነ መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት ዊልቸርን በደስታ ይቀበላሉ። የሰፈራችሁን እድርም ጠይቁ። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የሚያስቀምጥ እድር ለአባላቱ የሚያውሰው አንድ ዊልቸር ቢኖረው ምን ይለዋል? በሕይወት ላለ አባል መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ቡናውን ስል ግን ከሰሉ ከእናትሽ ክፍል ውጪ ይሁን። ኦክስጅን ባለበት እሳት ይፋፋማል። ጧፍም፣ እጣንም፣ ሲጋራም ያው ነው። በዚያ ላይ ጭሱ ለሁለቱም ሳንባ አይሆንም።

ማሽኑ የሚተላለፍበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ዝም ብሎ አንስቶ መስጠት አይቻልም። እናትሽ የሚጠቀሙበት የሊትር መጠን የእትዬ መጠን አይደለም። በዚህ በሽታ ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን አንዳንድ ሰው ሰውነት ውስጥ የተቃጠለ አየር እንዲከማች ያደርጋል፤ መጠኑን የራሳቸው ሐኪም ይወስን። የአፍንጫው ቱቦና የውሃው ዕቃ በአዲስ ይቀየር፤ ማጣሪያው ይጽዳ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ብዙውን ጊዜ በ110 እና 120 ቮልት መካከል ነው የሚሠራው፤ የኛ መብራት 220 ነው። አሁን የሚሠራበት መቀነሻ አብሮ ይሂድ። የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ የሚወጣው ኦክስጅን ጥራት እንዳልወረደ በመለኪያ ይይላቸው። የእትዬ ልጅ ማሽን መጣ ብሎ ሲሊንደሩን ጨርሶ እንዳይመልስ፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ዝም ይላል።

መቼ ይሰጥ? ለቀስተኛ ፊት አይሁን። ልብስ እስከ ተዝካር ሊቆይ ይችላል፤ ልብስ የሚጠብቅ ሰው ይተነፍሳል። እትዬን ግን 40 ቀን ማስጠበቅ ልክ አይመስለኝም። ሰልስት ካለፈ በቂ ነው። ማሽኑን አንቺ አትሸከሚ፤ የእሳቸው ልጅ መጥቶ ይውሰድ። ልብሽ እምቢ ካለ «በውሰት ነው» ብለሽ ስጪ። ቃሉ ሐሰት አይሆንም፤ እሳቸውም አንድ ቀን ለሌላ ያስተላልፉታል። ቫሚክ ቮልካን የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከሞተ ሰው ጋር ስለሚያስተሳስሩን ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ጽፈዋል። አንዳንዱ ዕቃ መልቀቅም መንካትም የማይቻል ሆኖ ሐዘኑን ባለበት እንደሚያስቀረው አይተዋል። ማሽኑ ባዶ አልጋ አጠገብ ወራት ቢቆም እንዲህ እንዳይሆንብሽ እሰጋለሁ። ለራስሽ ነጠላቸውን አስቀሪ።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ እወቂ። ግድግዳ ትጋራላችሁ፤ ማሽኑ ማዶ ሲሠራ ይሰማሻል። አንዳንድ ሌሊት ያጽናናሽ ይሆናል፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳሻል። ካልቻልሽው ለእትዬ ንገሪያቸው። አልጋቸውንና ማሽኑን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ማዞር ለሁለት ወንድ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።