መልስ፦ ለፊት ኪስ የሚሆን ሽጉጥ

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ አውጥተህ ለሱሪ ኪስ «ሲግ ፒ365 ወይስ ሩገር ኤልሲፒ ማክስ?» ላልከው፣ ሩገሩን ውሰድ። ሲጉ 9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጉልበቱ ይበልጣል፤ ግን ባዶውን 500 ግራም ያህል ነው፣ ኪስ ይጎትታል። እሱ ለቀበቶ ነው። ማክሱ 300 ግራም ገደማ ሆኖ የ.380 ካሊበር ጥይት 10 በካዝናው ይይዛል።

ቅለቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ ሲተኮስ ክፉኛ ይራገጣል። እጀታውን ላላ አድርገህ ከያዝከው ቀለሁ በደንብ ሳይወጣ ይነክስና ቀጣዩ ጥይት አይጎርስም። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሽጉጡን ተከራይተህ ሞክረው። ማቀባበል ካቃተህ ባለ 5 ጥይቱ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ሪቮልቨር አለ፤ ቃታው ይከብዳል፣ መዶሻው ግን ውስጥ ስለተሸሸገ ሲወጣ ጨርቅ አይዝም።

አፎት ላይ አትቆጥብ። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲመዘዝ ኪስ ውስጥ የሚቀር ይሁን። ስትመልሰው አፎቱን ከኪስህ አውጣ፣ ሽጉጡን ክተትበት፣ ከዚያ አንድ ላይ ወደ ኪስ። ኪስ ውስጥ ባለ አፎት ሽጉጡን እየዳበሱ መክተት ነው ጭን የሚያስመታው። በዚያ ኪስ ቁልፍም ሳንቲምም አይግባ። የኪስ ብናኝ በየሳምንቱ ጥረግ፤ ዘይት ካበዛህ ብናኙን ይሰበስባል።

የቨርጂኒያ ፈቃድ ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ አይሠራም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረህ የምትሠራ ከሆነ ሽጉጡ ቤት ይቅር።