«ሳይመለስ አይቀርም» እና «መመለሱ አይቀርም» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለመምህር። ስታዲየም አካባቢ ሆኜ ለሬዲዮ የስፖርት ዜና አዘጋጃለሁ። ‹የቀድሞው አጥቂ ወደ ክለቡ ሊመለስ ነው ተባለ› ብዬ የጻፍኩትን አርታኢዬ ‹የቀድሞው አጥቂ ወደ ክለቡ መመለሱ አይቀርም› ብሎ አረመው። ባልደረባዬ ደግሞ ‹ሳይመለስ አይቀርም› ይሻላል፣ ለነገሩ ያው ነው ይላል። የማንኛችን ነው ትክክሉ? ተጫዋችስ ‹ተዘዋወረ› ነው የሚባለው ‹ተዛወረ›? የዝውውሩ መዝጊያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሲነበብም ሁሌ እንጨቃጨቃለን።»

መልስ፦ ያው አይደለም። አንደኛው ግምት ነው፣ ሌላኛው ዋስትና። ከፒያሳ ሆነው ወደ እንጦጦ ቀና ይበሉ። ደመናው ጠቁሮ፣ ነፋሱ ተነሥቶ ካዩ «ሊዘንብ ነው» ይላሉ፤ ልብስ ያሰጣም ሰው ይሮጣል። የአየር ትንበያ ሰምተው ከሆነ «ነገ ይዘንባል» ይላሉ። ሰማዩን ሳያዩ ሙቀቱ ብቻ ካጠራጠረዎ «ሳይዘንብ አይቀርም» ይላሉ። ወሩ ሐምሌ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ባይሆን ነገ «መዝነቡ አይቀርም»። አራቱም ስለ ዝናብ ናቸው፤ የተናጋሪው ማስረጃ ግን በአራቱም የተለያየ ነው።

«ሳይመለስ አይቀርም» ውስጥ ሁለት አሉታ አለ፣ «ሳይ» እና «አይ»። ሁለቱ ተጣፍተው አዎንታ ይሆናሉ፤ ነገር ግን የላላ አዎንታ ነው፣ «ይመስለኛል» እንደ ማለት። «መመለሱ አይቀርም» ያለው አሉታ አንድ ብቻ ነው፤ መመለሱን እንደ ተቆረጠ ነገር ይዞ «የሚያስቀረው የለም» ይላል። አርታኢዎ ጭምጭምታውን ወስደው ውሳኔ አድርገውታል። ከሦስቱ አባባል የከፋው ይህ ነው፤ አጥቂው ሌላ ክለብ ሲፈርም የሚያፍረውም አንባቢው ነው፣ ማለትም እርስዎ።

የባልደረባዎ ምርጫ የተሻለ ቢሆንም አንድ ቀዳዳ አለው፤ ጊዜው አይታወቅም። «ሳይፈርም አይቀርም» ነገ ይፈርማል ብሎ መገመትም ሊሆን ይችላል፣ እስካሁን ፈርሞ ይሆናል ማለትም ሊሆን ይችላል። ያለፈውን ለመገመት «ሳይፈርም አልቀረም» ይበሉ፤ ለሚመጣው «በዚህ ሳምንት ሳይፈርም አይቀርም» ብለው ጊዜ ይጨምሩበት።

አሁን ወደ እርስዎ «ሊመለስ ነው»። ይህ ቅርጽ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ውሳኔው ተደርሷል፣ ድርጊቱም ቀርቧል። ደመናው መታየት አለበት። የታክሲ ረዳት ሦስት ሰው ብቻ አሳፍሮ «ሊሄድ ነው! ሊሄድ ነው!» ሲል ሁላችንም እናውቅበታለን፣ አንቀየምም። የዜና አንባቢ ግን እንደ ረዳት መናገር አይችልም፤ አድማጩ ገብቶ ይቀመጥና ይጠብቃል።

ስለዚህ ግሱን ከመምረጥዎ በፊት ዝውውሩ የት እንደ ደረሰ ይጠይቁ። ክለቡ ስለ ተጫዋቹ ጠየቀ የሚል ወሬ ብቻ ካለ «ፍላጎት አሳየ» ከማለት አይለፉ፤ የተፈጸመው ድርጊት ፍላጎቱ ነው፣ መመለሱ አይደለም። የዋጋ ጥያቄ በጽሑፍ ከቀረበ «ለማስፈረም ጥያቄ አቀረበ» ይበሉ። ክለቦቹ በዋጋ ተስማምተው ተጫዋቹ በደመወዙ ገና ከሆነ «ሊመለስ ይችላል» ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ «ይችላል» ዕድልንም መብትንም ይገልጻል። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ወይም ከዚያ ያነሰ የቀረው ተጫዋች በፊፋ ደንብ ከሌላ ክለብ ጋር መዋዋል ስለሚፈቀድለት «ወደ ቀድሞ ክለቡ ሊመለስ ይችላል» ቢሉ አድማጭ የትኛውን እንደሚረዳ አይታወቅም። መብቱን ማለትዎ ከሆነ «ለመመለስ ውሉ አይከለክለውም» ብለው ይለዩት።

ገንዘቡም ደመወዙም አልቆ የጤና ምርመራ ብቻ ሲቀር፣ ያኔ «ሊመለስ ነው»። ምርመራው ከፊርማ በፊት የሚደረገው በምክንያት ነው፤ በፊፋ ደንብ ውል ከተፈረመ በኋላ ተፈጻሚነቱን በምርመራ ውጤት ላይ ማንጠልጠል አይፈቀድም። «ፈረመ» ከዚያ ይቀጥላል። ከአገር አገር ከሆነ ደግሞ ፊርማው ብቻ ሜዳ አያስገባም፤ ከነበረበት አገር ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ማረጋገጫ ወረቀት መምጣት አለበት። «ፈረመ» ብለው በዚያው ትንፋሽ «ቅዳሜ ይሰለፋል» አይበሉ።

ይህ ልዩነት ቃላት መሰንጠቅ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ የተመለሰበትን ሳምንት ያስታውስ። በወሬው መጀመሪያ ስሙ የተያያዘው ከተቀናቃኙ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ነበር። ነሐሴ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ዩናይትድ ከጁቬንቱስ ጋር መስማማቱን ሲያስታውቅ መግለጫው ራሱ ደመወዝ፣ ቪዛና የጤና ምርመራ እንደሚቀሩ ተናግሯል። የተጠናቀቀው ነሐሴ 25 ነው። በእነዚያ አራት ቀናት «ተመለሰ» ቸኩሏል፤ ትክክለኛው አማርኛ ደመወዙ እስኪያልቅ «ሊመለስ ይችላል»፣ ከዚያ በኋላ «ሊመለስ ነው» ነበር።

ሰነድ ሲዘገይ የሚሆነውንም አይተናል። በነሐሴ መጨረሻ 2007 ዓ.ም. ግብ ጠባቂው ዴቪድ ደ ሄአ ከዩናይትድ ወደ ሪያል ማድሪድ ሊዛወር ሲል ወረቀቱ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረና ዝውውሩ ፈረሰ። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቆንጆ ቅርጽ አለው፦ «ሊዛወር ነበር»። «ነው» ወደ «ነበር» ስትለወጥ «አልሆነም» የሚለው ሳይነገር ይሰማል። «ዝውውሩ ሳይሳካ ቀረ» ብሎ ማስረዘምም አያስፈልግም።

«ተባለ» ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጥፋት የሚደበቀው እሱ ውስጥ ነው። ባለቤት የሌለው ግስ ነው፤ «ማን አለ?» ሲባል መልስ የለውም። እርስዎ «ሊመለስ ነው ተባለ» ሲሉ «ሊመለስ ነው» ጠንካራውን ሁሉ ተናግሮ ያበቃል፣ «ተባለ» ደግሞ ከኋላ መጥታ እጇን ትታጠባለች። ወሬው ገና እየተንሸራሸረ ከሆነ «ይመለሳል እየተባለ ነው» ሐቀኛ ነው። ተናጋሪው ከታወቀ ስሙን ወይም ኃላፊነቱን ያስቀድሙ፦ «ወኪሉ ንግግር መጀመሩን ገለጸ»። በመካከል ያሉትን ማያያዣዎችም ልብ ይበሉ። «ሊመለስ መሆኑ» ነገሩን እንደ እውነት ይዞ ይነሣል፤ ለዚህ ነው «ሊመለስ መሆኑ ታወቀ» ጆሮ ላይ የሚመቸው። «ሊመለስ እንደሆነ» ግን በሩን ክፍት ይተዋል፣ «ሊመለስ እንደሆነ ተወራ»። ወሬን በ«መሆኑ»ና በ«ታወቀ» አያስሩት።

«አሉ» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ናት። «ይመለሳል አሉ» ብቻዋን ስትቆም የካፌ ወሬ ናት፣ ማንም አላለም። «አሰልጣኙ ይመለሳል አሉ» ሲባል ግን ያችው «አሉ» የአክብሮት ሆና የአሰልጣኙ ቃል ትሆናለች። በንግግር ድምፅ ይለያቸዋል፤ በጽሑፍ ርዕስ ላይ ግን «አጥቂው ይመለሳል አሉ አሰልጣኙ» ተብሎ መስመሩ «አሉ» ላይ ቢሰበር አንዱ ወሬ፣ አንዱ መግለጫ ያነባል። «ተናገሩ» ይበሉና ይገላገሉ። ለነገሩ «አሉባልታ» የሚለውም ቃል ውስጥ ይህችው «አሉ» ቁጭ ብላለች። የስፖርት ክፍሉን «የዝውውር አሉባልታ» ብለው አይሰይሙት፤ መሠረተ ቢስ ብለው አስቀድመው መፍረድዎ ነው። «ጭምጭምታ» በቁርጥራጩ የተሰማ፣ እውነትም ሊሆን የሚችል ነገር ነውና ለሥራዎ እሱ ይስማማል።

አርታኢዎም ባልደረባዎም ያላዩት ስሕተት ግን በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ አለ፦ «የቀድሞው አጥቂ ወደ ክለቡ»። «የቀድሞው አጥቂ» ድሮ አጥቂ የነበረ፣ ዛሬ ምናልባት ጫማ ሰቅሎ አሠልጣኝ የሆነ ሰውም ነው። ቲየሪ ኦንሪ ዛሬ የቀድሞ አጥቂ ነው። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ወደ አርሰናል ሲመለስ ግን አሁንም አጥቂ ነበር፣ ያለፈው አርሰናልነቱ ነበር። «የቀድሞው» ከክለቡ ስም ጋር መጣበቅ አለበት፦ «የቀድሞው የአርሰናል አጥቂ»። ይበልጥ የጠራው «ቀድሞ ለአርሰናል የተጫወተው አጥቂ» ነው፤ አንድ ቃል ይጨምራል፣ ጥርጣሬ ግን አያስቀርም።

«ክለቡ» ይብሳል። በአማርኛ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኡ» ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ የታወቀውን ክለብም ትጠቁማለች፣ የእሱ የሆነውንም። ተጫዋቹ ዛሬ የሚጫወትበትም ክለቡ ነው፣ የሚመለስበትም ክለቡ ነው። «ክለቡ አጥቂው ወደ ክለቡ እንዲመለስ አልፈቀደም» የሚል ዜና ቢያነቡ የትኛው ክለብ የትኛውን ከለከለ? መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሁለቱንም ስም ይጥሩ፣ ከዚያ በኋላ «የቀድሞ ክለቡ» እና «ያለበት ክለብ» ብለው ይለዩ።

«ተዘዋወረ»ን ይተዉት። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ የሄደ ሠራተኛ «ተዛወረ» ይባላል፤ «ተዘዋወረ» ግን ዞር ዞር አለ ማለት ነው፣ ከመርካቶ እስከ ለገሃር በእግሩ እንደሚዞር ሰው። ግራ መጋባቱ የመጣው ከስሙ ነው። «ዝውውር» የደም ዝውውርንም የመምህራን ዝውውርንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ሰው ከእሱ ተነሥቶ «ተዘዋወረ» ይላል። ስሙ «ዝውውር» ይሁን፣ ግሱ «ተዛወረ»፤ ክለቡ ሲሆን «አዛወረ» ወይም «አስፈረመ»። ተጫዋች ይፈርማል እንጂ አያስፈርምም።

ተጫዋች ለጊዜው ለሌላ ክለብ ሲሰጥ የሚባለው «ውሰት» ግን የስፖርት ጋዜጠኞች የመረጡት ግሩም ቃል ነው። ገንዘብ ወይም እህል ይበደሩታል፣ ሲመልሱ ሌላ ግን እኩል የሆነ ይመልሳሉ። መጽሐፍ ወይም ሙቀጫ ይዋሱታል፣ ያንኑ ራሱን ይመልሱታል። ተጫዋችም ያው ራሱ ስለሚመለስ «ብድር» ሊባል አይችልም። የሚያስቸግረው መስተዋድዱ ነው። ሮሜሉ ሉካኩን ይውሰዱ፦ በ2021 እ.ኤ.አ. ቼልሲ ከኢንተር ሚላን ገዝቶ መለሰው፤ በ2022 ወደ ኢንተር በውሰት ተመለሰ፤ በ2023 ከውሰት ወደ ቼልሲ ተመለሰ። «በውሰት ተመለሰ» እና «ከውሰት ተመለሰ» በአንድ ፊደል ተለያይተው ሰውየውን በሁለት አገር ያስቀምጡታል።

ክለቡን ባለቤት አድርገው ሲጽፉ «መለሰ» እና «አስመለሰ» ሁለቱም ያሰጋሉ። «ቼልሲ አጥቂውን መለሰ» ተቀበለው ይሁን ወይስ አልፈልግም ብሎ ሰደደው አይታወቅም። «አስመለሰ» ባለቤቱ ጎልቶ ካለ ያስኬዳል፤ ርዕሱን ለማሳጠር ሲባል ግን «አጥቂውን አስመለሰው» ብለው ቢተዉት አጥቂው የበላው አልተስማማውም ማለት ነው። «መልሶ አስፈረመ» ከሁለቱም ይሻላል። ዲዲየር ድሮግባን በ2014 እ.ኤ.አ. ቼልሲ ለአንድ ዓመት መልሶ አስፈረመው ቢሉ ማንም አይስቅም፣ ማንም አይጠራጠርም።

የመዝጊያው ሰዓት ላይ የምትጨቃጨቁት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለምትለውጡ ነው፤ የአገሩን ልዩነትና የአቆጣጠሩን። የዝውውር መስኮቱ፣ ማለትም ተጫዋች ማዛወር የሚፈቀድበት ጊዜ፣ እንግሊዝ ውስጥ በእነሱ 23 ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ፣ በነሐሴ የእኛ ሰዓት በሁለት ይቀድማቸዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። በጥር ልዩነቱ ሦስት ነው፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። በእነሱ አቆጣጠር ግን ቀኑ ገና አልተለወጠም። «ሰኞ ሌሊት» ቢሉ አንዱ የእሑዱን፣ አንዱ የሰኞውን ሌሊት ይረዳል። አማርኛ ለዚህ ከድሮም መላ አለው፦ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት»።