«ሰርቨሬ በየሲስተሙ እንዲሠራ ስል ኮዱ ተበላሸብኝ»

ጥያቄ፦ በሲ የጻፍኩት አነስ ያለ ኦፕን ሶርስ ሰርቨር አለኝ። ሊኑክስ ላይ አሪፍ ነው የሚሠራው። ተጠቃሚዎች ግን አንዱ ፍሪቢኤስዲ፣ ሌላው ማክ፣ ሌላው ዊንዶውስ ይላሉ። እሺ እያልኩ ስጨምር ኮዱ በኢፍዴፍ (ለየሲስተሙ የተለያየ ኮድ በሚመርጡ መስመሮች) ተሞላ፤ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ሊኑክስ ብቻ ብዬ ልቁረጠው? — ግራ የገባው ወንድማችሁ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ለመቁረጥ አትቸኩል። መጀመሪያ በየመስመሩ «ይሄ ሊኑክስ ነው ወይስ ማክ?» እያልክ መጠየቅህን ተው። መጠየቅ ያለብህ የምትፈልገው ነገር መኖሩን ነው፦ ኢፖል አለ? ኬኪው አለ? (ሁለቱም የትኛው ግንኙነት ዝግጁ እንደሆነ ለፕሮግራሙ የሚነግሩ ናቸው፤ ኢፖል የሊኑክስ፣ ኬኪው የማክና የቢኤስዲዎቹ ነው።) ኦቶኮንፍ ወይም ሲሜክ የሚባሉት የግንባታ መሣሪያዎች ይህን ከኮምፓይል በፊት ፈትሸው ይነግሩሃል። በስም ከሄድክ ነገ ትሸወዳለህ። ስትር-ኤል-ኮፒ (strlcpy) የምትባለዋ ጽሑፍ የምትገለብጥ ፈንክሽን በ1998 ኦፕንቢኤስዲ ከሚባለው ሲስተም የወጣች ናት፤ የሊኑክስ ዋና የሲ ላይብረሪ የሆነው ግሊብሲ የተቀበላት ግን በ2023 ነው። «ሊኑክስ ከሆነ እኔ የጻፍኳትን ተጠቀም» ብሎ የጻፈ ሰው ኮዱ ድንገት ከሲስተሙ ጋር ሊጋጭበት ይችላል።

ከዚያ ልዩነቱን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስበው። ከሌላ ማሽን ጋር በሚስጥር የሚያገናኘው ኦፕንኤስኤስኤች የሚሠራው እንደዚህ ነው። ዋናው ኮድ ለኦፕንቢኤስዲ ብቻ ንጹህ ሆኖ ይጻፋል፣ ለሌሎቹ ሲስተሞች የሚያስፈልገው ደግሞ ለብቻው ይጨመርበታል፤ በቨርዥን ቁጥሩ ውስጥ የምታያት «ፒ» የዚህ ምልክት ናት።

ዊንዶውስ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ኢፖልና ኬኪው «ሶኬቱ (የኔትወርክ ግንኙነቱ ጫፍ) ዝግጁ ነው፣ አንብብ» ይሉሃል፤ የዊንዶውሱ አቻቸው አይኦሲፒ «ያዘዝከኝን አንብቤ ጨርሻለሁ» ነው የሚልህ። ይህ የፕሮግራሙን አሠራር ከሥሩ ይለውጠዋል። ራስህ ከምትለፋ ሊብዩቪ የሚባለውን ላይብረሪ ተጠቀም፤ መጀመሪያ ለኖድጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ ለሚያስኬደው) የተሠራ ሲሆን ሁለቱንም መንገድ ይሸፍንልሃል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ኮምፓይል ሆኖ አልፎ፣ ስህተት ሳያሳይ፣ በየሲስተሙ የተለያየ ነገር የሚያደርገው ኮድ ነው። የአይፒቪ6 (የአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) ሶኬት ከፍተህ በሁሉም አድራሻ ብታዳምጥ፣ ሊኑክስ ቅንብሩን ካልነካኸው የቆየውን አይፒቪ4 የሚጠቀሙ ክላየንቶችንም ያስገባልሃል። ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ በጭራሽ አያስገባም። ሰርቨሩ በደንብ ይነሳል፣ ሎጉ ላይ ምንም የለም፣ ሰዎች ግን «አልገናኝ አለኝ» እያሉ ይጽፉልሃል። ስለዚህ ለሁለቱም የተለያየ ሶኬት ክፈት፣ በአይፒቪ6ቱ ላይ አይፒቪ6ን ብቻ የሚያስገባውን ቪ6ኦንሊ የሚባለውን ኦፕሽን ራስህ አብራ። ሲግፓይፕ የሚባለው ሲግናልም (ሲስተሙ ለፕሮግራም የሚልከው መልእክት) እንደዚሁ ነው፦ ክላየንቱ ዘግቶ በሄደ ሶኬት ላይ ስትጽፍ ሰርቨርህን ይገድለዋል። ማስቀሪያው በሊኑክስና በማክ ይለያያል፤ ቀላሉ ገና ሲነሳ ሲግናሉን ችላ እንዲለው ማድረግ ነው።

እነዚህን የምትይዛቸው እዚያው ሲስተም ላይ ስትፈትሽ ብቻ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ በፈቃደኞች ማሽኖች ላይ ኮዱን እየገነባ የሚፈትሽ ቢልድ ፋርም አለው። እሱም ቢሆን በቨርዥን 16 ኤችፒ-ዩኤክስ የሚባለውን ሲስተም ትቷል፤ አንተም የማትችለውን ብትተው ማንም አይወቅስህም። «ይሠራል» ብለህ የምትጽፈው በእያንዳንዱ ለውጥ የሚፈተሸውን ብቻ ይሁን። የአዲስ ሲስተም ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ለሚልክልህ ሰው ምስጋናህን አቅርብና «ማሽኑ ላይ እየፈተሽክ ትቀጥላለህ?» በለው። እሺ ካለ ስሙን ከሲስተሙ ጎን ጻፈው። ካልሆነ ፓቹን በሌላ ብራንች (ከዋናው በተለየ የኮዱ ቅጂ) አስቀምጠው እንጂ ዋናው ውስጥ አታስገባው።